በሰርዶ ሜዳ የዱር አህያና የቤት እንስሳት በእርግጥ ይሻማሉን?

የአፍሪካ የዱር አህያ፣ የለማዳዋ አህያ ቅድመ አያት፣ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው እንስሳት ተርታ ሰፍሯል። በአፋር የሚሌ–ሰርዶ የዱር አህያ ጥብቅ ሥፍራ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው።

ስለ ዝርያው መመናመን ሲጻፍ «ከቤት እንስሳት ጋር የሚደረግ የግጦሽ ሽሚያ» የሚለው ሐረግ ይደጋገማል። ሐረጉ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በማስረጃነት የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ሣር መጋጣቸው ብቻ ነው። የምግብ መመሳሰል ደግሞ ብቻውን ሽሚያ አይባልም፤ ሀብቱ ውሱን መሆን፣ የአንዱም መኖር የሌላውን መራባት ወይም በሕይወት መቆየት መቀነስ ይኖርበታል። ጆሴፍ ኮኔል እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ በስኮትላንድ ዳርቻ ከዐለት ጋር ተጣብቀው ከሚኖሩ ሁለት የባሕር እንስሳት አንዱ ሲነሣ ሌላው ቦታውን እንደሚይዝ ያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው። በሰርዶ የአርብቶ አደሩን መንጋ አንሥቶ ውጤቱን መጠበቅ አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም።

በኬንያ ላይኪፒያ በታጠሩ መስኮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የዱር ሣር በሎች በደረቁ ወቅት ከከብቶች ጋር ሲሻሙ፣ በዝናብ ወቅት ግን እንደሚጠቅሟቸው አሳይቷል። የሜዳ አህያና መሰሎቿ ስለማያመነዥጉ ገንቢነቱ ያነሰውን ጠንካራ አገዳ በብዛት ይበላሉ። ሆኖም የሰርዶ ዝናብ ጥቂትና አጭር ስለሆነ የመጠቃቀሙ ጊዜ እዚህ ጠባብ እንደሚሆን መገመት ይቻላል።

ከሣሩ ይልቅ ሊያጠያይቅ የሚገባው ውኃው ነው። የምታጠባ አህያ ከውኃ ርቃ ብዙ መቆየት አትችልም። የውኃው ሥፍራ ቀኑን ሙሉ በመንጋና በእረኛ ከተያዘ የምትጠጣው ሌሊት ይሆናል፤ ሌሊቱ ደግሞ የጅብ ነው። ውርንጭላዋ ብትበላ በመዝገብ ላይ «በአዳኝ ተገደለች» ተብሎ ይጻፋል፤ ከጀርባው ያለውን ሽሚያ የሚያይ የለም። ሽሚያንና አዳኝነትን በየምዕራፉ ነጣጥሎ የሚያስተምረው መማሪያ መጽሐፍም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም።

በአዋሽ ዳርቻ ደግሞ ከውጭ የገባው ፕሮሶፒስ የበጋ ግጦሽ የነበረውን የጎርፍ ሜዳ እየሸፈነ ነው፤ ፍሬውን የሚበሉት ከብቶችና ፍየሎች ራሳቸው ዘሩን በፋንድያቸውና በበጠጣቸው ያዛምቱታል። ግጦሹን ያጣ አርብቶ አደር መንጋውን ወደ ደረቁ ሜዳ ቢያርቅ አያስደንቅም። እንዲህ ከሆነ የሰርዶው ሽሚያ ሥሩ ወንዙ ዳር፣ በዛፍና በሣር መካከል ነው፤ አርብቶ አደሩን ከጥብቅ ሥፍራው ማራቅም መንስኤውን ሳይነካ ይቀራል።

ይህን ለመፈተን አጥር አያስፈልግም። በደረቁ ወራት በውኃ ሥፍራዎች ላይ የሌሊት ካሜራ ተክሎ ማን በስንት ሰዓት እንደሚጠጣ መመዝገብ፣ መንጋ በሚበዛባቸውና በማይበዛባቸው ሥፍራዎች ስንት ውርንጭላ ዓመት እንደሚሞላው ማነጻጸር ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚከብድ ሥራ አይደለም።