ጃክ ራስል ወይስ ዮርክሻየር? ለአይጥ ተብሎ ጐረቤት አይነከስም!



ባለፈው ዕትማችን በዚሁ ሰሌዳ ላይ «ለየቤቱ አንድ ጃክ ራስል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ እንደ ነበር ይታወሳል። ያላነበበው ቢኖር እንኳ ያልሰማው የለም፤ ከወፍጮ ቤት እስከ ዕድር ድንኳን ወሬው እሱው ነበርና። ጸሐፊው ያሉት በአጭሩ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰፈሩን የወረረውን አይጥ የሚፈጅልን ጃክ ራስል የተባለው ቴሪየር ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ቤተሰቦች የሚያሳድጉት ዮርክሻየር ቴሪየር ሪባን የሚታሰርለት ጌጥ እንጂ ውሻ አይደለም። ጽሑፉን የለጠፍነው ማንም ነዋሪ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ብለን ነው። ዝም ካልን ግን የተስማማን ይመስላል። አልተስማማንም!

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቴሪየር የሚለው ስም የመጣው «መሬት» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ይኸውም ጉድጓድ ገብቶ አውሬ የሚያሳድድ ውሻ ማለት ነው። ጃክ ራስል ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1795 እስከ 1883 በኖሩት በእንግሊዛዊው ቄስ በጆን ራስል ነው። እኒህ ቄስ ዴቨን በሚባለው አገር የቀበሮ አደን ወዳጅ ነበሩ። ውሻውም የተዳቀለው ከፈረስና ከአዳኝ ውሾች ጋር እኩል ሮጦ፣ ቀበሮዋ ጉድጓድ ስትገባ ተከትሎ ገብቶ፣ ፊት ለፊት ጮኾ እንዲያስወጣት ነው። ዮርክሻየሩስ? እሱም ከቤተ መንግሥት አልመጣም። በ19ኛው መቶ ዓመት ሥራ ፍለጋ ከስኮትላንድ ወደ ሰሜን እንግሊዝ የወረዱ ሸማኔዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ይዘዋቸው ከመጡ ትንንሽ ውሾች የተገኘ ነው። ሥራው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አይጥ መያዝ ነበር። ዮርክሻየር የሚለውም ስም የጸናለት እ.ኤ.አ. በ1870 ገደማ ነው። እንግዲህ «ጌጥ ነው» ተብሎ የተናቀው ውሻ የላብ አደር ልጅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው! ሪባኑን ያሰርንለት እኛ ነን፤ እሱ አልጠየቀም።

አሁን ወደ አይጡ እንምጣ። ጃክ ራስል አይጥ ይገድላል፤ ይኼ አይካድም። ግን የሰፈራችን አይጥ ከየት ይመጣል? ከቱቦውና ሳይነሣ ከሚከርመው የቆሻሻ ክምር እኮ ነው! ክምሩ እዚያው እያለ ውሻው ዛሬ አምስት ቢገድል ነገ ሌላ አሥር ይመጣል። በዚህ ላይ ስንቶቻችን ነን በየጓዳችን የአይጥ መርዝ የምናስቀምጥ? መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ እየተንገዳገደ ይወጣል። ያንን የያዘና የበላ ውሻ ራሱ ሊመረዝ ይችላል። በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታም አለ፤ ከአይጥ ጋር የሚታገል ውሻ ተሸክሞት ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። አይጥን የሚያጠፋው የጽዳት ዘመቻ እንጂ የውሻ ግዢ አይደለም። ቆሻሻ ለማንሣት ሰነፍን ብለን ሥራውን ለውሻ ማስረከብ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ደግሞስ ጃክ ራስል አይጡን ከዶሮው ለይቶ ይተዋል ያለን ማነው? ለዚህ ውሻ የሚሮጥ ትንሽ ነገር ሁሉ አደን ነው። ለፋሲካ ተገዝታ እግሯን ታስራ ጓሮ የዋለች ዶሮ፣ የእትዬ ድመት፣ የልጆች ጥንቸል፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። በደሙ ያለ ነገር ስለሆነ በቁጣ ብቻ አይወጣም። ጉድጓድ መቆፈርም እንዲሁ። የእኛ አጥር ደግሞ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ መሠረት የለውም። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሣንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 5 ወይም 6 ኪሎ የሆነ፣ ለመቆፈር የተፈጠረ ውሻ ከቆርቆሮ ሥር ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? ሌሊት ከወጣ ደግሞ ጅብ አለ። ቀበሮን በጉድጓዷ ውስጥ የተጋፈጠ ውሻ ጅብ ሲያይ ወደ ኋላ አይልም፤ ጥፋቱም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መታሰሩ ነው። በፊልም አይተነው (እ.ኤ.አ. በ1994 «ዘ ማስክ» በተባለው ፊልም ላይ የሚያስቀው ውሻ ጃክ ራስል ነበር) ወደድነው፤ ገዛነው፤ ከዚያ ምን አደረግን? በር ላይ አሰርነው! ለዚያ ፊልም እኮ አሠልጣኝ ነበረው። በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት መሮጥ፣ መጫወትና መሥራት ያለበት ውሻ ቀንና ሌሊት በሁለት ሜትር ገመድ ሲታሰር ይጮኻል፣ ይናደዳል፣ በመጨረሻም ይናከሳል።

ይኼን የምንለው ከሰው ሰምተን አይደለም። ባለፈው ክረምት በዚሁ በሰፈራችን ቀኑን ሙሉ በር ላይ ታስሮ የሚውል አንድ ጃክ ራስል ገመዱን በጥሶ፣ ኳስ ሊያነሣ የገባ የ6 ዓመት ልጅ ክንዱን ነከሰው። ባለቤቱ የክትባት ደብተር አምጣ ሲባል ደብተር የለውም። እናትየዋ ልጇን አዝላ በዝናብ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠች፤ ለተከታታይ መርፌ ስትመላለስም ከረመች። ባለቤቱስ ምን አደረገ? ውሻውን በማግሥቱ በመኪና ጭኖ ሩቅ አስፋልት ዳር ጥሎት መጣ። በዚህም ሁለት በደል ተፈጸመ። የነከሰ ውሻ 10 ቀን ታስሮና ተመግቦ መታየት አለበት፤ ቀኑ ሲሞላ በጤና ከቆመ ሲነክስ በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። ውሻው ሲጣል እናትየዋ ይኼን ማወቂያ አጣች፤ ሌላ ሰፈር ደግሞ ያልተከተበ ውሻ ተቀበለ። ስም አንጠራም፤ ዓላማችን ሰው ማዋረድ አይደለም። ነገር ግን «ለየቤቱ አንድ» የሚሉን ጸሐፊ ይኼን ልጅ ረሱት ወይ ብለን እንጠይቃለን።

ታዲያ ሁላችንም ዮርክሻየር እንግዛ ማለታችን ነው? አይደለም! እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንሸሽግም። ክብደቱ ቢበዛ ከ3 ኪሎ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ከሶፋ ላይ ቢወድቅ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ ገና የሚድህ ወይም ሁሉን ነገር አንሥቶ የሚጥል ሕፃን ላለበት ቤት አይሆንም። ፀጉሩ እንደ ሰው ፀጉር ስለሚያድግ ወይ በየቀኑ ይበጠራል፣ ወይ በአጭሩ ይቆረጣል። ጥርሱ ቶሎ ይበላሻል። የትንፋሽ ቧንቧው ደካማ ስለሆነ በአንገቱ ማሰር አይገባም፤ በደረቱ ዙሪያ የሚታሰር ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ብርድ አይችልም፤ የሐምሌን ሌሊት ደጅ አያድርም። ነጋዴዎች «ከስኒ የማይበልጥ» እያሉ አስወድደው የሚሸጡት ደግሞ ሌላ ዘር አይደለም፤ ያው ዮርክሻየር ከልክ በላይ እንዲያንስ የተደረገ ነው። ባነሰ መጠን ሕመሙ ይበዛል። በዚህ አትታለሉ!

እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ቃል እናንሣ። «ውሻ ደጅ እንጂ ቤት አይገባም» የሚሉ እናቶችና አባቶች በሰፈራችን ብዙ ናቸው፤ የሚሉትም እንደ እምነታቸውና እንደ ልማዳቸው ነው፤ እናከብረዋለን። ዮርክሻየር ግን የቤት ውስጥ ውሻ ነው። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ እማማ አይገባም ካሉ ነገሩ አለቀ። ደብቆ አስገብቶ፣ ጠብ ሲነሣ እንስሳውን ብርድ ላይ ማውጣት ጭካኔ ነው። ከመግዛት በፊት ቤተሰብ ይሰብሰብ፣ ይመካከር። ሁለቱም ውሾች በደኅና ከተያዙ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ዛሬ 1ኛ ክፍል የገባው ልጃችሁ 12ኛን ሲጨርስም ውሻው አብሯችሁ ነው።

ስለሆነም የማኅበራችን አቋም ይኼ ነው። የሰፈራችን ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ፣ ግቢያቸው የጠበበ፣ ዶሮና ድመት የበዛባቸው በመሆናቸው፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ዮርክሻየሩ ይሻላል። ይኸውም ሕፃን ለሌለበትና ውሻ ቤት መግባቱን ሁሉም ለተስማማበት ቤት ነው። ጃክ ራስል መያዝ የሚገባው ሰፊ ግቢና ከሥሩ በድንጋይ የተሠራ አጥር ያለው፣ ዶሮ የማያረባ፣ በየቀኑ ውሻውን ይዞ ለመውጣት ጊዜም ጉልበትም ያለው ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጐረቤት ካለ ይያዝ፤ ጐበዝና ታማኝ ውሻ ነው፤ አንቃወምም። ሁለቱንም ማሟላት ያልቻለ ግን ሁለቱም ይቅርበት! ውሻ አለመያዝ ነውር አይደለም።

የመጨረሻውና ትልቁ ጉዳይ ክትባት ነው። በሰፈራችን «ቤት የሚውል ትንሽ ውሻ አያብድም» የሚል ወሬ አለ። ሐሰት ነው! የእብድ ውሻ በሽታ ትንሽ ትልቅ፣ የፈረንጅ የሐበሻ አይልም። በሩ ክፍት በሆነበት አንዲት ደቂቃ የታመመ ውሻ ከነከሰው በቃ። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በሽታው ከያዛቸው ሰዎች ከ100ው 99 የሚሆኑት ያገኛቸው ከውሻ ነው። ስለዚህ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይደገም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይኬድ። ጠበሉም ጸሎቱም አይከለከልም፤ መርፌው ግን ለነገ አይባልም።

ጐረቤቶቻችን! ያ የ6 ዓመት ልጅ ዛሬ ደኅና ነው፤ በር ላይ ውሻ ሲያይ ግን እስከ ዛሬ ወደ እናቱ ቀሚስ ይሸሻል። ውሻውም ቢሆን ጥፋተኛ አልነበረም፤ ጥፋቱ አቅሙን ሳያውቅ የገዛው ሰው ነው፤ አይተን ዝም ያልን የእኛም ነው። የማይስማማ ካለ መልሱን ጽፎ ያምጣ፤ በዚሁ ሰሌዳ እንለጥፍለታለን። እስከዚያው ግን፦

ውሻ ከመምረጣችን በፊት ቤታችንን እንይ!
አይጥን በጽዳት፣ በሽታን በክትባት!
ያልተከተበ ውሻ የሰፈር ሁሉ ዕዳ ነው!

የሰሌዳው አዘጋጆች