ለእንግዳ ሌላ ዋጋ?

ከሞጆ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ስትጓዙ ቆቃ ላይ መኪና ሲቆም ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱና የሐይቁ ዓሣ ወደ መስኮቱ ይቀርባል። ከመኪናው የወረደው ፈረንጅ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የዚያው ሽንኩርት ዋጋ እጥፍ ይሆናል።

«ምን አለበት? እሱ ሀብታም ነው» ይባላል። ታዲያ ከአዲስ አበባ የመጣው የናጠጠ ሀብታም ለምን በአገሬው ዋጋ ይገዛል? እንግዲያው ፈረንጁ የሚቀጣው ስለ ሀብቱ ሳይሆን ዋጋውን ባለማወቁ ነው።

ይህን በር እስልምና ዘግቶታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ ጭኖ የሚመጣን መንገደኛ ገበያ ሳይደርስ፣ የዕለቱን ዋጋ ሳያውቅ፣ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል። ገበያ ደርሶ መጎዳቱን ሲያውቅም ውሉን የማፍረስ መብት ሰጥተውታል። ያ ሻጭ ነበር፤ ይህ ገዢ ነው። የሁለቱም ጉዳት ግን አንድ ነው፤ አለማወቃቸው ለሌላው ሲሳይ ሆነ።

ትርፍ ሐላል ነው፤ በዋጋ መከራከርም እንዲሁ። በብሔራዊ ፓርኮቻችን የውጭ ዜጋ የበለጠ መክፈሉም ሌላ ጉዳይ ነው። ታሪፉ ግልጽ ነው፤ ዜጋውም ፓርኩን በግብሩ ይደግፋል። የመንገድ ዳሩ ዋጋ ግን ፊት ታይቶ የሚወጣ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ሁለቱንም ዋጋ ይሰማል። ዛሬ እንግዳን ማታለል ብልሃት ነው ብሎ የተማረ፣ ነገ ጎረቤቱን ለማታለል ምን ያግደዋል? ሳንቲሙ ያልቃል፤ ትምህርቱ ግን ይቀራል።

አላህ በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃን። አሚን።