አማተሩ ማስተሩን ሲያሸንፍ ማንን እንመን? ከ«ዴዋ ኪፓስ» ታሪክ የምንማረው

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2021 ነው። ሌቪ ሮዝማን የተባለው አሜሪካዊ የቼዝ ተጫዋች እንደ ልማዱ በቀጥታ ስርጭት ኢንተርኔት ላይ ካገኛቸው ሰዎች ጋር እየተጫወተ ነበር። ሮዝማን ቀላል ተጫዋች አይደለም። የኢንተርናሽናል ማስተር ማዕረግ አለው፤ ዩቲዩብ ላይም «ጎታም ቼስ» በሚለው ቻናሉ ይታወቃል።

በዚያን ቀን «ዴዋ ኪፓስ» የሚል አካውንት ገጠመው። ትርጉሙ በኢንዶኔዥያ ቋንቋ «የማራገቢያ አምላክ» እንደ ማለት ነው። ከስሙ ጀርባ ያሉት በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ምንም ማዕረግ የሌላቸው አባት ናቸው። ሮዝማን ተሸነፈ።

ይሄ ብቻውን ዜና አይሆንም። ማስተርም ይሳሳታል፣ ይደክማል፣ ይቸኩላል። ሮዝማን ግን አጨዋወቱ ስላልጣመው አካውንቱን ለቼስ ዶት ኮም ጠቆመ። ድርጅቱም የፍትሃዊ ጨዋታ ደንብ ተጥሷል ብሎ አካውንቱን ዘጋው። በቀላል አማርኛ፣ «ኮምፒውተር እያገዛቸው ነው የተጫወቱት» ማለቱ ነው።

ከዚያ የሰውየው ልጅ ፌስቡክ ላይ ጻፈ። «አባቴ ንጹህ ነው፤ ፈረንጁ ሲሸነፍ ተናዶ ተከታዮቹን አዘመተብን» የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ ነበር። በቃ! ኢንዶኔዥያ ተነሳች። በሮዝማን ላይ የስድብና የዛቻ ጎርፍ ወረደበት። ታሪኩ ለመስማት የሚጣፍጥ ነበር፦ በአንድ በኩል ትሁት አባት፣ በሌላ በኩል ዝነኛና እብሪተኛ የውጭ ሰው። ማን ማስረጃ ይጠይቃል?

እኛም ይሄን ስሜት እናውቀዋለን። «የኛ ሰው ተበደለ» የሚል ፖስት ሲመጣ መጀመሪያ ሼር እናደርጋለን፤ እውነት መሆኑን የምንጠይቀው ቆይተን ነው፤ ከጠየቅን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ቼዝ (አባቶቻችን ሰንጠረዥ የሚሉት ጨዋታ የቅርብ ዘመድ) ከብዙ ስፖርቶች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የተጫዋቾች አቅም በነጥብ ይለካል፤ ሬቲንግ ይባላል። በሁለት ተጫዋቾች መካከል 200 ነጥብ ልዩነት ካለ ጠንካራው ከ100 ነጥብ 76 ያህሉን ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ልዩነቱ 400 ከሆነ ደግሞ ወደ 91 ይጠጋል። አቻ መውጣትን ትተን በደፈናው ካሰብነው፣ ደካማው የሚያሸንፈው ከ11 ጨዋታ አንዱን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ማሸነፍ ተአምር አይደለም። ከ11 አንዱ ዛሬ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ማሸነፍ ከ121 አንድ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ከ1,331 አንድ። ጥርጣሬ የሚጀምረው ከአንድ ድል ሳይሆን ከተደጋገመ ድል ነው። የ«ዴዋ ኪፓስ» አካውንትም ዓይን ውስጥ የገባው ሮዝማንን ስላሸነፈ ብቻ አይደለም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከታትሎ እያሸነፈ ነጥቡ ሽቅብ በመተኮሱ ጭምር ነው።

መርማሪዎች ሌላም ነገር ያያሉ። አንደኛው ጊዜ ነው። ሰው ግልጽ የሆነውን እርምጃ በሰከንድ ይጫወታል፣ ከባዱ ጋ ሲደርስ ቁጭ ብሎ ያስባል። አንድ ተጫዋች ለቀላሉም ለከባዱም እኩል ጊዜ ከወሰደ፣ መልሱን ከሌላ ቦታ እየጠበቀ ይሆናል። ሁለተኛው ምርጫው ነው። እርምጃዎቹ በጨዋታ ብዛት ከኮምፒውተሩ አንደኛ ምርጫ ጋር ምን ያህል ይገጥማሉ? አንድ ጨዋታ ላይ ቢገጥሙ ዕድል ነው፤ ሃምሳ ጨዋታ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን በ1997 ሲያሸንፍ ግዙፍ ማሽን ነበር። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ የሚጫን ነፃ ፕሮግራም ከዓለም ሻምፒዮን ይበልጣል። ለማጭበርበር የሚያስፈልገው አንድ ስልክ ብቻ ነው።

እውነቱን ያወጣችው የራሳቸው ልጅ ናት

የታሪኩ ትልቋ ሰው ለኔ ሮዝማንም ሰውየውም አይደሉም። አይሪን ሱካንዳር ናት። ኢንዶኔዥያዊት፣ የሴቶች ግራንድማስተር፣ ለአገሯ ቼዝ ዕድሜዋን የሰጠች ሰው።

ሰውየው ዴዲ ኮርቡዚየር በተባለ ዝነኛ የዩቲዩብ አቅራቢ ፕሮግራም ላይ ቀርበው ታሪካቸውን ሲናገሩ ሕዝቡ ይበልጥ ገነፈለ። አይሪን ግን ለአቅራቢው ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች። ይሄ ነገር የኢንዶኔዥያን ቼዝ ስም እያጠፋ ነው አለች። አስቡት፤ አገር ሙሉ በአንድ ወገን ቆሞ እያለ ብቻዋን «ቆይ» ማለት። ዝም ብትል ማንም አይነካትም ነበር።

መፍትሔውም ቀላል ሆነ፦ ቦርዱ ይምጣና ፊት ለፊት ይጫወቱ። ማርች 22 ቀን 2021 ሁለቱ ካሜራ ፊት ተቀመጡ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ በዩቲዩብ ተመለከተው፤ ለቼዝ ይህ የማይታሰብ ቁጥር ነበር። ውጤቱ 3 ለ 0። አይሪን ሦስቱንም አሸነፈች።

ፍትሃዊ እንሁን። በግራንድማስተር መሸነፍ ማጭበርበርን አያረጋግጥም። ሰውየው በዕድሜ ገፍተዋል፣ መብራትና ካሜራ አለ፣ ሚሊዮን ሰው ያያል። እሳቸውም አላጭበረበርኩም ብለዋል። ነገር ግን ጥያቄው ተሸነፉ ወይ አልነበረም፤ እንዴት ተጫወቱ የሚለው ነበር። በቦርዱ ላይ የታየው አጨዋወት ኢንተርኔት ላይ ማስተር ካሸነፈው ጋር የሚቀራረብ አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ያልታወቀ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ ነው?

አይደለም! ዋናው ፍርሃቴም እዚህ ላይ ነው።

በ1929 ሚር ሱልጣን ካን የተባለ የፑንጃብ ሰው፣ ሰር ኡመር ሃያት ካን የተባሉ ባለርስት ይዘውት ለንደን ገባ። የአውሮፓን የቼዝ መጻሕፍት አያውቅም። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1932 እና በ1933 ደገመው። የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ካፓብላንካንም ሄስቲንግስ ላይ አሸነፈ። ፊዴ፣ ማለትም የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ የክብር ግራንድማስተርነት የሰጠው በ2024 ነው፤ ሰውየው ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ።

ሱልጣን ካን ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ቢመጣ ምን እንለዋለን? «ስልኩን ፈትሹ» ነዋ! እያንዳንዱ አጭበርባሪ የሚሰርቀው የተጋጣሚውን ነጥብ ብቻ አይደለም። ነገ ከገጠር፣ ከድሃ ሰፈር፣ ያለ አሰልጣኝ ለሚመጣው እውነተኛ ልጅ ልንሰጠው የሚገባንን እምነትም ይሰርቃል።

ያለ ማስረጃ መጠርጠርም ዋጋ ያስከፍላል። በሴፕቴምበር 2022 ወጣቱ ሃንስ ኒማን የዓለም ሻምፒዮኑን ማግነስ ካርልሰንን አሸነፈ። ካርልሰን ውድድሩን ጥሎ ወጣ፣ ዓለም በጥርጣሬ ታመሰ። ኒማን በልጅነቱ ኢንተርኔት ላይ ማጭበርበሩን አምኗል፤ በዚያ ጨዋታ ማጭበርበሩ ግን አልተረጋገጠም። የፊዴ የሥነ ምግባር ኮሚሽንም በ2023 መጨረሻ ካርልሰንን በቂ ምክንያት ሳይኖረው ውድድር አቋርጧል ብሎ 10,000 ዩሮ ቀጣው።

ልዩነቱን አያችሁ? ሻምፒዮንነትም ማስረጃ አይሆንም፣ የሕዝብ ጩኸትም ማስረጃ አይሆንም። «እኔ ትልቅ ተጫዋች ነኝ፣ ይሸተኛል» እና «እኛ ብዙ ነን፣ የኛ ሰው አይዋሽም» የሚሉት ሁለቱ አንድ ዓይነት ስህተት ናቸው።

የኢንዶኔዥያው ታሪክ በደህና ያለቀው አንድ ቦርድ፣ ሁለት ወንበርና ሁሉም የሚያየው ካሜራ ስለተገኘ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከወገኗ ጩኸት ይልቅ እውነቱን የመረጠች አንዲት ሴት ስለተገኘች ነው። ሕዝቡ አገሩን የሚወድ መስሎት ተሳደበ፤ ለአገሯ የቆመችው ግን «ቆይ፣ እንፈትሽ» ያለችው ናት።

በኛ መንደር እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ «ቆይ» የሚለውን ሰው ምን እንለዋለን? ባንዳ ወይስ አስተዋይ? ሐሳባችሁን ጻፉልን።