የኋላ መንኮራኩር ምርጫ በባሌ ደጋ፦ ርካሹ ሳይሆን የሚጠገነው

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎባ ከሮቤ 250 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ጠዋት ሽቅብ የወጣ ብስክሌተኛ ማታ ቁልቁል ይመለሳል። መንገዱ ለመኪና አጭር፣ ለእግር ረጅም፣ ለብስክሌት ግን ልከኛ ነው። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሮቤ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ በጎባ መሆናቸው ደግሞ ተማሪውን፣ መምህሩንና የጤና ባለሙያውን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያመላልሳል። በዚህ መንገድ ላይ ብስክሌት ጓሮ ቆሞ ይቀር ወይስ ዓመት ከዓመት ያገለግል የሚለውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም የኋላ መንኮራኩር ነው።

በዚህ ጽሑፍ «መንኮራኩር» ሲባል ጎማው ብቻ አይደለም፤ ጎማውን የሚሸከመው ቸርኬ፣ መሐል ላይ ያለው እምብርትና ሁለቱን የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች በአንድነት ማለት ነው። የጽሑፉ አቋምም አጭር ነው፦ ለባሌ ደጋ የሚበጀው የኋላ መንኮራኩር እጅግ ቀላሉ፣ እጅግ ርካሹ ወይም ስሙ የገነነው ሳይሆን፣ በአካባቢው ገበያ በሚገኝ ዕቃ፣ በአካባቢው ባለሙያ እጅ ሊጠገን የሚችለው ነው።

ሸክሙ ለምን ወደ ኋላ ያደላል?

ብስክሌተኛ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ከክብደቱ የሚበዛው በኋላው መንኮራኩር ላይ ያርፋል፤ ዕቃ መጫኛውም የሚገኘው በዚያው በኩል ነው። ከዚህ በተጨማሪ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ የሚፈጠረው ኃይል በሰንሰለት አማካይነት መጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ኋላው እምብርት ነው፤ ቸርኬውን የሚያዞሩትም ሽቦዎቹ ናቸው። ሦስተኛው ምክንያት ከአሠራሩ ይመነጫል። የሰንሰለቱ ጥርሶች በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚይዙ የእምብርቱ ቀኝ ክንፍ ወደ መሐል ይገፋል። ቸርኬው መሐሉን እንዲጠብቅ የቀኞቹ ሽቦዎች ከግራዎቹ ይልቅ ተወጥረው መታሰር አለባቸው፤ በዚህም የተነሣ የግራዎቹ ይላላሉ። የፊተኛው መንኮራኩር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ሽቦ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ከባድ ምት ሳይሆን በድካም ነው። መንኮራኩሩ በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ሽቦ መሬት ወዳለበት ሲደርስ ውጥረቱ ይቀንሳል፤ ሲያልፍ መልሶ ይወጠራል። የአንድ መደበኛ መንኮራኩር ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ ከሮቤ ጎባ ደርሶ መልስ 28 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው በቀን 13,000 ያህል ጊዜ ያዞረዋል። በዓመት 200 ቀን ቢመላለስ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ በላይ ላልቶ ተወጥሯል ማለት ነው። ከመጀመሪያው በደንብ ያልተወጠረ ሽቦ በየዙሩ ጨርሶ ስለሚላላ፣ ክርኑ ላይ እየታጠፈና እየተቃና በመጨረሻ ይቀነጠሳል። ስለዚህ የመንኮራኩር ዕድሜ ከብረቱ ዓይነት ይልቅ በአሠራሩ ጥራት፣ ይኸውም በሽቦዎቹ በቂና እኩል መወጠር፣ ይወሰናል።

ምን እንምረጥ?

አንደኛ፣ የሽቦው ብዛት። ለሥራ ምልልስና ለረጅም ጉዞ 36 ሽቦ ያለው መንኮራኩር ይመረጣል። ከ36 ሽቦ አንዱ ቢበጠስ ቸርኬው ጥቂት ይወላገዳል እንጂ ቤት ያደርሳል። 20 ወይም 24 ሽቦ ብቻ ባለው ግን አንዱ ሲበጠስ ቸርኬው ከፍሬኑ ጋር ይጣበቅና ጉዞውን ሊያስቆመው ይችላል። ጥቂት ሽቦ ያለው ለውድድር ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከውድድሩ ኋላ ደግሞ መለዋወጫ የጫነ መኪና ይከተላል።

ሁለተኛ፣ ቸርኬው። የብረት ቸርኬ ርካሽ ነው፤ ሲጎብጥም በመዶሻ ይቃናል። ለሮቤ ከተማ ሜዳማ መንገድ ይበቃ ይሆናል። ዳሩ ግን የባሌ ደጋ ዝናም የሚበዛበት ነው፤ የረጠበ የብረት ቸርኬ ደግሞ የፍሬን ጎማ አይዝበትም። ከጎባ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይህ የዋጋ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለሆነም ውስጡ ክፍት ሆኖ በድርብ ግድግዳ የተሠራ የአሉሚኒየም ቸርኬ ተመራጭ ነው።

ሦስተኛ፣ መጠኑ። በገበያ «26» የሚል ጽሑፍ ያላቸው ሁለት ጎማዎች የማይገጣጠሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የአንዱ መቀመጫ ስፋት 559፣ የሌላው 590 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላልና። «28» የሚለውም እንዲሁ 622 ወይም 635 ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መለያ በጎማው ጎን ላይ ከሰረዝ በኋላ የሚጻፈው ባለ ሦስት አሐዝ ቁጥር ነው። በተራራ ብስክሌት የተለመደው 559 ሲሆን፣ ሰፋ ያለ ጎማ ስለሚቀበል የኮረኮንች መንገድን ምት ያበርዳል። ከመግዛት በፊት ግን ጎማውና ከመነዳሪው በአካባቢው ሱቅ መኖራቸውን ማረጋገጥ ይገባል።

አራተኛ፣ እምብርቱ። ኩሽኔታው በቁልፍ ተፈትቶ፣ ጸድቶ፣ ግራሶ ተቀብቶ የሚመለስ ዓይነት ቢሆን ይሻላል፤ የብረት ብዮቹ በየቦታው ይገኛሉና። ብዙ ጥርስ ያለው ብስክሌት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጥርሶቹ በእምብርቱ ላይ በጥርስ የሚጠመዘዙበትን ሳይሆን፣ የሚሽከረከረው አካል ከእምብርቱ ጋር አብሮ የተሠራበትን ይምረጥ። በመጀመሪያው ዓይነት የቀኙ ኩሽኔታ ከፔርኖው ጫፍ ስለሚርቅ፣ ጭነት ሲበዛ ፔርኖው ይጎብጣል፤ ይሰበራልም። በሁለተኛው ግን ኩሽኔታው ወደ ጫፉ ስለሚጠጋ ፔርኖው ደኅና ይደገፋል። ባለ አንድ ጥርስ ብስክሌት ይህ ችግር እምብዛም አያገኘውም።

ወደ ሶፍ ዑመር ለሚዘልቅ

ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር የሚደረገው ጉዞ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰንጥቆ የሚያልፍበት፣ መተላለፊያዎቹ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝሙት ይህ ዋሻ ከሃይማኖታዊ ክብሩ ጋር የባሌ ታላቅ መስሕብ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ አካባቢውን በብስክሌት ማየት የሚሻ እንግዳ ቢበዛ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወረድ ከፍታው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ለረጅም ጊዜ የተያዘ ፍሬን ቸርኬውን ያግለዋል፤ በመንገድ ላይም የብስክሌት ባለሙያ አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ከመንኮራኩሩ ጋር ሦስት አራት ትርፍ ሽቦ ከትናንሽ ዳዶዎቻቸው ጋር መግዛት ያስፈልጋል። የቀኙና የግራው ሽቦ ርዝመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚለያይ ከሁለቱም መያዝ ይገባል። በቀኝ በኩል የተበጠሰን ሽቦ ለመተካት ጥርሶቹ መውጣት ስላለባቸው፣ የማውጫው መሣሪያም አብሮ ይታሰብ።

ዋጋ ወይስ ወጪ?

«ይህ ሁሉ ለተማሪ ኪስ አይሆንም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ሚዛን አለው፤ ነገር ግን ዋጋን ከወጪ ጋር ያምታታል። ዋጋ በግዢ ቀን የሚከፈል ነው፤ ወጪ ግን ለተጓዙት ኪሎ ሜትር የሚከፈል ነው። ዋጋው እጥፍ የሆነ መንኮራኩር ሦስት እጥፍ ርቀት ካገለገለ፣ ውድ ያልነው ረክሷል ማለት ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ካጠረ ደግሞ፣ ቁጠባው ከስሙ እንጂ ከአሠራሩ አይሁን። መካከለኛ ዋጋ ያለውን ባለ 36 ሽቦ መንኮራኩር ገዝቶ፣ ሽቦዎቹን በአንድ ጥሩ ባለሙያ ማስወጠርና የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ዳግም ማስፈተሽ፣ ስሙ የገነነውን ገዝቶ ሳያስፈትሹ ከመንዳት ይበልጣል። በሌላ አነጋገር፣ ከብሩ የተወሰነው ለብረት ሳይሆን ለእጅ ሙያ ይከፈል።

ለተቋማት የሚቀርብ ሐሳብ

ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚመች መንገድ መታሰቡ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የብስክሌት መስመር ብቻውን ብስክሌተኛ አያፈራም፤ መንኮራኩር የሚያቀና ባለሙያ በሌለበት ከተማ መስመሩ ባዶ ይቀራል። በሜዳማዋ ባሕር ዳር ብስክሌት የኑሮ አካል ሊሆን የቻለው የመንገዱ ልስላሴ ስለረዳው ነው፤ በባሌ ደጋ ግን መልክዓ ምድሩ የነፈገውን ሙያ ማሟላት አለበት።

ሙያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ተገልብጦ የቆመ ብስክሌት፣ አንዲት የሽቦ ቁልፍና የሠለጠነ ጆሮ ይበቃሉ፤ በእኩል የተወጠሩ የአንድ ወገን ሽቦዎች ሲነኩ ተቀራራቢ ድምፅ ይሰጣሉና። ይህ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ሊሰጥ የሚችል ትምህርት ነው፤ ሥራ ለሚሹ ወጣቶችም እንጀራ ይሆናል።

ለዩኒቨርሲቲያችን ደግሞ የተዘጋጀ የምርምር ጥያቄ አለ። በሮቤና በጎባ መካከል በሚመላለሱ ሃያ ብስክሌቶች ላይ ግማሾቹን በጥንቃቄ በተወጠሩ፣ ግማሾቹን ከሱቅ እንደመጡ በሚነዱ መንኮራኩሮች ከፍሎ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የተበጠሱ ሽቦዎችንና ለጥገና የወጣውን ገንዘብ መመዝገብ ይቻላል። ጥናቱ ውድ አይደለም፤ መንገዱ በደጃችን ነው፤ ውጤቱም ከመደርደሪያ ወርዶ በማግሥቱ ገበያ ላይ የሚሠራ ዕውቀት ይሆናል።