ሎግቡኩን የሚፈርመው ሰው

የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር ዱላው የሚያርፈው ተማሪው ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተናው በመላ አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ «ትውልዱ አያነብም» ተብሎ ታለፈ። በንባቡ ላይ አልከራከርም። በጤና ትምህርት ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ያስተማረው ሰው ምን ይችላል? በኮምፒውተር የሚቀርብ የምርጫ ጥያቄ ይህን አይነግረንም። በመስከረም፣ ዝናቡ ቆሞ ውኃው በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ በራያ ቆላ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ግን መልሱን ያገኘዋል።

የራያዋ ቆቦ የወባ ትምህርት ቤት ከሆነች ቆይታለች። የወባ ማጥፊያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1959 ከመቋቋሙ በፊት ዲዲቲ በየቤቱ ግድግዳ እየተረጨ ከተሞከረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነው፤ ከደምቢያ፣ ከአዋሽ ሸለቆና ከጋምቤላ ጋር። እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሳው ወረርሽኝ በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 እንደሞተ ይገመታል። ያ ዘመን አለፈ ስንል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2024 መባቻ እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን አስታወቀ። እነዚህን ሁሉ መርምሮ የሚለይ ዓይን የሚሠለጥነው ደግሞ በአንድ መምህር አጠገብ ነው።

ሥራውን እንየው። የታማሚው ደም መስታወት ላይ ይቀባል፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ስስ። ጊምሳ በሚባል ቀለም ይቀለማል። ከዚያ በኋላ ያለው የዓይን ሥራ ነው። የወባው ዝርያ ፋልሲፓረም ከሆነ ኮአርተም ይታዘዛል፤ ቫይቫክስ ከሆነ ክሎሮኪን፣ ጉበት ውስጥ አድፍጦ የሚቀረውን ለመንቀል ደግሞ የ14 ቀን ፕሪማኪን። «ወባ የለበትም» ለማለት ቢያንስ 100 የማይክሮስኮፕ እይታ መፈተሽ አለበት። ተማሪው ይህን ሁሉ በክፍል ተምሮታል፤ ለፈተናም ሸምድዶታል። ሌንሱ ላይ ሲጎነበስ ግን የቀለም ዝቃጩን ተውሳክ ነው ይላል። የዓመታት ልምድ ያለው ቴክኒሻን በአንድ እይታ ይለየዋል። «እንዴት አወቅህ?» ሲባል «በቃ፣ ይታወቃል» ይላል። በእኔ እምነት የጤና መምህርነት የሚጀምረው ይኼ «በቃ፣ ይታወቃል» ተፈትቶ በቃል ሲነገር ነው፦ ቅርጹ ምን ይመስላል፣ ቀለሙ የት ላይ ይጠቁራል፣ ቀዩ የደም ሴል አብጧል ወይስ እንደነበረ ነው? ማወቅ አንድ ሙያ ነው፤ ያወቁትን ፈትቶ ማሳየት ሌላ። ሁለተኛውን ማንም አላስተማረንም።

የእኛ የመምህር አመራረጥ ደግሞ ከሁለቱም ያጎድላል። በየዩኒቨርሲቲው የተለመደው፣ ከክፍሉ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣው ልጅ በተመረቀ ማግሥት ረዳት መምህር ሆኖ መቅረቱ ነው። ጎበዝ ነው፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን አንድ ክረምት እንኳ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሌሊት አላደረም፤ ደም የሚፈሳት እናት ይዞ አምቡላንስ አልጠበቀም። ለመምህራን የሚሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም የማስተማር ዘዴን ያስጨብጣል፤ ጠቃሚም ነው፤ ግን ለሒሳቡም ለታሪኩም መምህር የተዘጋጀ ነው። አልጋ አጠገብ ቆሞ በሕመምተኛው ፊት ተማሪን እንዴት ማረም እንደሚገባ፣ ሕመምተኛውን ሳያስደነግጡ፣ ተማሪውንም ሳያዋርዱ፣ ከዚያ አይገኝም።

ስለዚህ ተግባሩን በእውነት የሚያስተምረው ሌላ ሰው ነው። ከደሴ ወይም ከወልድያ ለተግባር ልምምድ የመጣው ተማሪ ቆቦ ሆስፒታል ሲደርስ የምትረከበው ተረኛዋ አዋላጅ ናት፤ ክፍሉ ሞልቶባት፣ ግማሹ ዕቃም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ቆቦ በገባው ጦርነትና ከዚያ ወዲህ ባላባራው ግጭት ጎድሎባት። መምህር የሚል ማዕረግ የላትም፤ ለማስተማር የተለየ ሰዓትም ክፍያም የላትም። ተማሪው የሚፈልግባት ፊርማ ነው። የተግባር መመዝገቢያው ሎግቡክ ይህን ያህል እናት አዋልዷል እንዲል ይፈልጋል፤ እሷም ከሥራዋ እንዳትስተጓጎል ትፈርማለች። በአንዲት ወላድ ዙሪያ ስምንትና አሥር ተማሪ ቆሞ አንዱ ሲነካ የቀረው ቢያይም፣ ሁሉም «አዋለድኩ» ብሎ ይመዘግባል። ምጡን በየሰዓቱ መከታተል ያለበት ፓርቶግራፍ ልጁ ከተወለደ በኋላ ሲሞላ ያላየ የዘርፉ ሰው ይኖር ይሆን? ተማሪው በዚያች ደቂቃ የሚማረው ክትትልን አይደለም፤ ወረቀት ማስተካከልን ነው። «ይህን አልፈርምም፤ ነገ ሌላ ምጥ ይዘህ አሳየኝ» ለማለት የሚችል መምህር ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ጉልበቱ ደግሞ ከተቋሙ መምጣት አለበት።

ከሕመምተኛው ጋር መነጋገርም እንደዚሁ ተረስቷል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሜዳው የመጣው ገበሬ ግን «ምች መታኝ» ይላል፤ ሦስት ቀን ዳማከሴ ታሽቶለት ሳይሻለው ነው የመጣው። አንዳንዱ ትግርኛ ይቀናዋል፤ ከምሥራቅ በኩል የሚመጣው አፋር አስተርጓሚ ይፈልጋል። ተማሪው ዳማከሴውን ሲሰማ ፈገግ ካለ ሰውየው ዝም ይላል፤ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረም አይነገርም። ይህን ማስተማር የሚቻለው መምህሩ ራሱ በተማሪው ፊት ሲጠይቅ ብቻ ነው፦ «አባባ፣ ከዚያ በፊት ምን አደረጉ?»

በተግባር ማሠልጠን ለእኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሪያን ተማሪዎችን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ነበር የሚያሠለጥነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም ከሥልጠናው አብዛኛውን ለተግባር የሰጠ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሁልጊዜ አለ። የሚጎድለው ተግባሩን የሚያሳየው ሰው በሥርዓት መያዙ ነው።

ኮሌጆችና ሆስፒታሎች ለልምምድ የሚፈራረሙት ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተማሪ ቁጥርና ስለ ወራት ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጨመር፦ በየክፍሉ የሚያስተምር ባለሙያ በስም ይመደብ፤ ከተረኛነቱ የሚቀነስ ሰዓትና ክፍያ ይኑረው፤ ተማሪ ከመቀበሉ በፊትም ተማሪን አይቶ የማረም ሥልጠና ይውሰድ። ከዩኒቨርሲቲው በኩል ደግሞ ማንም የጤና ተመራቂ ቢያንስ ሁለት ዓመት ጤና ተቋም ውስጥ ሳይሠራ መምህር ሆኖ አይቀጠር። ገንዘብ የለም ይባላል። የወረዳው በጀት ማነሱ እውነት ነው፤ ያለ ትምህርት የተፈረመው ሎግቡክ ወጪም ግን ከዚያው ወረዳ ነው የሚወጣው፤ በተሳሳተ መድኃኒትና ወደ ወልድያ በሚሮጥ አምቡላንስ ነዳጅ።