ግመሉን ተዉት፣ ጀሪካኑን አንሱት

እስቲ ኢንተርኔት ላይ «አፋር» ብላችሁ ፎቶ ፈልጉ። ምን እንደሚመጣላችሁ ሳናይ እንንገራችሁ? መጀመሪያ ኤርታ አሌ እየፈላ ይመጣል። ቀጥሎ ዳሎል፣ ከነቢጫና ከነአረንጓዴው። ከዚያ ጨው የጫኑ ግመሎች ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተሰልፈው ያልፋሉ። መጨረሻ ላይ ጊሌ የታጠቀ ጎረምሳ ካሜራው ላይ አፍጥጦ ይመለከታችኋል። ስም የለውም። ከሥሩ «የአፋር ሰው» ይላል፤ አለቀ።

አሳይታ ግን የለችም። ብትኖርም ስንት ግመል ካለፈ በኋላ ነው የምትገኘው። የአውሳ ሱልጣኔት መቀመጫ የነበረች፣ ሰመራ እስክትተካት ድረስ የክልሉ ርዕሰ ከተማ የነበረች፣ አዋሽን ከከፍታ ቁልቁል የምታይ ከተማ ፎቶ የላትም ማለት ይቀላል። ሰመራ የስብሰባና የምረቃ ፎቶ ሞልቷታል (መድረክ፣ ባነር፣ የፕላስቲክ አበባ)። አዋሽ ሰባት በአሮጌው ባቡር ጣቢያዋ ምክንያት ትንሽ ይሻላታል። የሦስቱ ከተሞች ሰው ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚሠራ፣ ማታ የት ቁጭ ብሎ ሻይ እንደሚጠጣ ግን ከፎቶ አይቶ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። በ1934 የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ እንዲያልፍ ፈቀዱለትና አዋሽ የሚያልቅበትን አቤ ሐይቅን አየ። ፎቶም አነሳ። የፎቶ ስብስቡ ዛሬ ያለው ኦክስፎርድ፣ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ውስጥ ነው። የአሳይታ ልጅ የቅድመ አያቱን ዘመን ሰዎች ፊት ማየት ቢያምረው የሚጠይቀው ኦክስፎርድን ነው ማለት ነው!

እኛ በዚህ ሸለቆ የምንኖር፣ ገሚሳችን ጋዜጠኝነት የተማርን፣ ካሜራ ሳይሆን ሞባይል ያለን ልጆች ነን። በመካከላችን የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «የትልልቆቹን ፎቶ አንሺዎች ሥራ ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ዓይናችሁ ይከፈታል» ይላል። ሌላው «ባየን ቁጥር እነሱን መምሰል ነው የሚያምረን፤ ባናይ ይሻላል» ይላል። የእኛ አቋም፣ እንይ ነው። ግን የምንወስደውን እንምረጥ። ቀለሙንና አቋቋሙን ብቻ ከወሰድን ከፎቶ ኮፒ ቤት በምን እንለያለን? ፎቶ ኮፒ ቤት እንኳን ዋናውን ለባለቤቱ ይመልሳል።

ግርማ በርታን እንውሰድ። በ1990 የተወለደ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ ልጅ ነው። የአዲስ አበባን መንገደኛ፣ ሊስትሮውን፣ አትክልት ሻጯን፣ ሸክም የተሸከመውን በአይፎን ያነሳል። ከዚያ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ያወጣና ሰውየውን ከነጥላው አንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆመዋል። በዚህ ሥራው በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም የሚሰጡትን የገንዘብ ሽልማት ካገኙት ሦስት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስንት ልጅ ነው በአፕ ጀርባ እየቆረጠ ቢጫ የሚቀባው!

እኛ ግን ይሄን ነገር እዚህ ልሞክረው ለሚል ሰው አንድ ጥያቄ አለን። ግርማ ጀርባውን ሲያወጣው አዲስ አበባ አትጠፋም። ሁሉም ያውቃታል፣ በቴሌቪዥንም በዘፈን ክሊፕም ጠግቧታል። ከዚያ ሁሉ ግርግር ሰውየውን ለይቶ ማውጣት ለሰውየው ክብር ነው። የአፋር ሰው ግን ድሮም ጀርባ የለውም። ያነሱት ሁሉ ያቆሙት ባዶ አሸዋ ላይ ነው። ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ጎረቤት የለም። እዚህ ያለ ፎቶ አንሺ ጀርባውን ማውጣት ሳይሆን መመለስ አለበት። ከግርማ የምንወስደው ታዲያ ሌላ ነገር ነው። ካሜራ እስክገዛ አላለም፣ ኪሱ ባለው ስልክ ጀመረ። ደግሞ ሩቅ አልሄደም፤ በየቀኑ የሚያልፈውን ሰው ነው ያየው።

ሚካኤል ጸጋዬ ደግሞ ሠዓሊ ነበር። በ2002 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተመረቀ በኋላ የዘይት ቀለም ሰውነቱን አልስማማ አለውና ወደ ፎቶ ዞረ። (አለርጂ ለአገር ሲጠቅም ያየነው እዚህ ላይ ነው።) ከሥራዎቹ አንዱ መቃብር ላይ የተለጠፉ የሟቾች ፎቶዎች ናቸው። ዝናብና ፀሐይ ፊታቸውን እየበላው፣ እየሰነጠቀው። ሌላው የሚፈርሰውና የሚገነባው አዲስ አበባ ነው። ሁለቱንም ስታዩ የሚገባችሁ ሰውየው ሊሄድ የተነሳ ነገር እንደሚያሳድድ ነው። እዚህስ ሊሄድ የተነሳው ምንድነው? ዳቦይታ አለ። ሴቶች ከሰሌን የሚሠሩት፣ ነቅለው ግመል ላይ ጭነው የሚሄዱት ቤት። ዛሬ ዳቦይታው አጠገብ ቆርቆሮ ይቆማል፣ ቀስ ብሎም ዳቦይታው ዕቃ ቤት ይሆናል። ቤቱን አቁማ የምታፈርሰው፣ ደግማም የምታቆመው ሴት እጆች በሚገባ ተነስተው አላየንም። ፕሮሶፒስም አለ፤ አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ የሚሉት። በረሃ ያለማል ተብሎ መጥቶ የግጦሹን መሬት ወረሰው። እሱ ደግሞ ሊሄድ ሳይሆን ሊቀመጥ የመጣ ነው። እሱም ፎቶ ይገባዋል።

አሁን ወደ አይዳ እንምጣ። አይዳ ሙሉነህ በ1974 አዲስ አበባ ተወልዳ ውጭ አድጋ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ፎቶ ጋዜጠኛ ሆና ሠርታ ወደ አገሯ የተመለሰች ናት። አዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 የመሠረተችውም እሷ ናት። በ2018 ወተርኤይድ ለተባለው የውኃ ድርጅት አሥራ ሁለት ፎቶዎች ሠራች፤ «ወተር ላይፍ» ይባላሉ። ያነሳቻቸው የት ነው? እዚሁ እኛ ክልል፣ ዳሎል! በ2019 ለንደን ሰመርሴት ሃውስ ውስጥ ለዕይታ ቀርበዋል።

ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩዋቸው። ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶች፣ ቀይና ሰማያዊ ለብሰው፣ ነጭ ጨው ላይ ቆመው፣ ውኃ መቅጃ ይዘው። ሁሉም ነገር ቲያትር ነው። ታስቦ፣ ተሰፍቶ፣ ተቀብቶ የተሠራ ነው። እኛ ጋ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነበር፤ «ዳሎል ላይ እንዲህ የለበሰች ሴት የታለች?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አይዳ «የአፋር ሴት ይቺ ናት» አላለችም። እሷ የሸሸችው ያንን የለመድነውን ፎቶ ነው። አቧራ የለበሰች ምስኪን፣ ዝንብ፣ የተሰነጠቀ መሬት፣ ከዚያ የባንክ ቁጥር። ስለ ሴትና ስለ ውኃ ሸክም ሲነገር ሰው አዝኖ እንዲያልፍ ሳይሆን ቆሞ እንዲያይ ፈለገች። ቆመን አየን። ስለዚህ ተሳክቶላታል እንላለን።

ነገር ግን (ግን አለን!) ዳሎል ለአይዳም መድረክ ነው። ውብ መድረክ፤ ግን መድረክ። በእውነት ጀሪካን ይዛ የምትሄደዋ የዚህ አገር ሴት ፎቶዎቹ ውስጥ የለችም። ይሄ የአይዳ ዕዳ አይደለም፤ እሷ የሠራችውን ሠርታለች። የቀረው ሥራ የኛ ነው።

ደግሞ አስቡት፣ አሳይታ ወንዝ አጠገብ ናት። አዋሽ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ተነስቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ እዚሁ ሐይቆቹ ውስጥ ያልቃል። በመንገዱ ቆቃን ይሞላል፣ ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፣ ጥጥ ያጠጣል። አዲስ አበባ የታጠበችበት ውኃም አቃቂን ይዞ ይገባበታል። እኛ የወንዙ ጅራት ነን። ከላይ ያለው ሁሉ ከተጠቀመ በኋላ የተረፈው ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ታዲያ ወንዝ እያየች ውኃ ፍለጋ የምትሄድ ሴት ታሪክ ዳሎል ድረስ ያስኬዳል? ጀሪካኑን ብቻ ተከተሉት። ዘይት ሆኖ ከጅቡቲ መንገድ ይመጣል፣ ዘይቱ ያልቃል፣ ውኃ መቅጃ ይሆናል፣ ሲቀደድ በላስቲክ ይለጠፋል፣ መጨረሻ ላይ ተቆርጦ የፍየል ማጠጫ ይሆናል። ከአንድ ጀሪካን ስንት ፎቶ ይወጣል!

አራተኛው ሙሉጌታ አየነ ነው፤ የአሶሼትድ ፕሬስ ፎቶ ጋዜጠኛ። መጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ ቦታው ላይ ከነበሩት አንዱ ነው። ከሥራዎቹ አንዷ ዘመዷን ያጣች ሴት ከአደጋው ቦታ አፈር እያፈሰች ፊቷ ላይ ስትበትን ያሳያል፤ በ2020 ዎርልድ ፕረስ ፎቶ ላይ ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ ከታጩት አንዱ ሆነ። እዚህ ቲያትር የለም፣ ቀለም የለም፣ «እንዲህ ቁሚልኝ» የለም። ስብርባሪም ሳይሆን የሰው ሐዘን ነው የሚታየው። የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንዳነሳው ይታወቃል።

እዚህ ላይ ነው ዳጉ ትዝ የሚለን። ጋዜጠኝነት የተማረ ሁሉ በክፍል ውስጥ ስሙን ሰምቶታል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቸኩለው አይተላለፉም። ቁጭ ይሉና ይጠያየቃሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ? ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ? ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሰው የሰማውን ለይቶ ይናገራል። የውሸት ዳጉ ያወራ ሰው ይጠየቅበታል፤ ሕይወት ነዋ፣ መንጋውን ይዞ የሚሄደው በዚያ ወሬ ተማምኖ ነው።

በ2020 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በዱብቲና በአሳይታ ዙሪያ ሲያጥለቀልቅ ስንት ፎቶ ከሞባይል ሞባይል እንደዞረ እናስታውሳለን። አብዛኛው የት ቀበሌ፣ በየትኛው ቀን፣ ማን አነሳው የሚል አልነበረውም። ዛሬ ያንን ፎቶ ብታገኙት የዚያን ዓመት ጎርፍ ይሁን የሌላ አታውቁም። ዳጉ ያላት አገር እንዴት ዳጉ የሌለው ፎቶ ይኖራታል? ሙሉጌታ ከፎቶው ሥር የሚጽፈው ሁለት መስመርና አንድ የአፋር እረኛ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚናገረው፣ እኛ እንደምናየው፣ አንድ ሙያ ነው።

እሺ፣ ይሄን ሁሉ አልን፤ ሥራውስ ቀላል ነው ወይ? አይደለም። ሙቀቱን ተዉት (ስልኩ ራሱ ሞቆብኛል ብሎ ይጠፋል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ብርሃኑም ፊት አያወጣም)። ከባዱ ሰው ነው። ሰው ሰልችቶታል። መኪና አቁሞ፣ አንስቶ፣ ሄዶ የቀረ ስንቱ ነው! ከዚያም ወዲህ «ብር» ማለት ተለመደ፤ እኛ አንፈርድባቸውም። ከመካከላችን ሴቶቹ ስልክ ሲያወጡ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «የማን ልጅ ናት? ለምንድነው?» ወንዱን እንዲህ የሚጠይቀው የለም። ነገር ግን ዳቦይታ ውስጥ የሚገቡት፣ ውኃ ልትቀዳ ከምትሄደዋ ጋር አብረው የሚሄዱት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ወንድ ፎቶ አንሺ፣ አዲስ አበቤም ሆነ ፈረንጅ፣ በር ላይ ነው የሚቀረው። ማህደር ኃይለሥላሴ አዲስ አበባ ላይ የፎቶግራፍ ማዕከል ያቋቋመች ሴት ናት፤ እዚያ በሴት እጅ ከተቻለ እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

እኛ አሳይታ ላይ ጀምረናል። ሕጋችን አጭር ነው። ሳይጠየቅ ሰው አይነሳም። ፎቶው መጀመሪያ የሚታየው ለተነሳው ሰው ነው፤ አጥፉት ካለ እዚያው ይጠፋል። ከሥሩ ቀኑ፣ ቦታው፣ ያየነው ምን እንደሆነና የተነገረን ምን እንደሆነ ተለይቶ ይጻፋል። ፊልተር የለም። አንዲት እናት ገና ስልኩን ስናወጣ «ለማን ልታሳዩት ነው?» አሉን። «መጀመሪያ ለእርስዎ» አልናቸው። ሳቁና ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

እስካሁን ሃያ አንድ ፎቶ አለን። ፊት የሚታየው በአራቱ ላይ ነው፤ የቀሩት እጅ፣ ገመድና ጀሪካን ናቸው።