የጊደሯ የመዥገር ታሪክ ከወተቷ ልክ በፊት ይጠየቅ

በኢትዮጵያ የወተት ምርትን ለማሳደግ ከተያዙት መንገዶች አንዱ የሆልስታይን ፍሪዥያን ደም ያላቸውን ድቅል ጊደሮች ለአርሶ አደሩ ማዳረስ ነው። ጊደር ሲመረጥ የሚቀርቡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ የውጭ ደሟ ስንት በመቶ ነው፣ እናቷ በቀን ስንት ሊትር ትታለብ ነበር፣ እርግዝናዋ ስንት ወር ሞልቶታል። አንድ ጥያቄ ግን በአብዛኛው ይዘነጋል፤ ጊደሯ በጥጃነቷ መዥገር ካለበት መስክ ውላ ታውቃለች ወይ? ወደ ግጦሽ አካባቢ ለምትሄድ ጊደር ይህ ጥያቄ ከወተት ልኩ አስቀድሞ መመለስ አለበት። ሳይመለስ ቀርቶ ለሚደርሰው ኪሳራም ተጠያቂው በሽታው ብቻ ሳይሆን የስርጭቱ ዕቅድ ጭምር ነው።

ድቅል ጊደሮች በብዛት ከሚገኙባቸው ቦታዎች መካከል በአዲስ አበባ ዙሪያና በቢሾፍቱ ያሉት የከተማ ዳር የወተት እርባታዎች ይጠቀሳሉ። በእነዚህ እርባታዎች ብዙው ከብት ከበረት አይወጣም፤ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እየቀረበለት ያድጋል፤ መዥገር ቢታይበት እንኳ ጥቂት ነው። የምትላክበት ቦታ ግን ፈጽሞ የተለየ ሊሆን ይችላል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለውን የፎገራ ሜዳ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በሜዳው ስም የሚጠራው የፎገራ ከብት ከጎረቤት ከብት ጋር ተቀላቅሎ በወል ግጦሽ ይውላል፤ መዥገሩንም ከጥጃነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። በበረት ያደገች የሁለት ዓመት ተኩል እርጉዝ ጊደር በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ስትለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ሊይዛት፣ መኖ ልትተው፣ ልታስወርድ፣ ሲከፋም ልትሞት ትችላለች። አጠገቧ የምትግጠው የፎገራ ላም አንዳች ሳትሆን እሷ ስትወድቅ ባለቤቱ የሚሰጠው ፍርድ «የፈረንጅ ላም አገሩ አልተስማማትም» የሚል ነው። ፍርዱ በከፊል እውነት ቢሆንም ዋናውን ምክንያት ይሸፍናል።

ዋናው ምክንያት ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድ ኪልቦርን መዥገር የከብት በሽታ አስተላላፊ መሆኑን በ1893 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያረጋግጡ የተነሡት ከአንድ እንቆቅልሽ ነበር። ከደቡብ የሚነዱት የቴክሳስ ከብቶች ጤነኞች ሆነው ሳለ ባለፉበት መስክ የሚግጡት የሰሜን ከብቶች ይሞቱ ነበር። የደቡቦቹ ገና ጥጃ ሳሉ ተይዘው ያገገሙና ተውሳኩን በደማቸው ይዘው የሚኖሩ ነበሩ፤ የሰሜኖቹ ግን ጎልምሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኛቸው ነው። ለባቤዚያ ባይጀሚና ጥጃዎች እስከ ዘጠኝ ወር ዕድሜያቸው ድረስ የተፈጥሮ መቋቋም አላቸው። በአናፕላዝማ ማርጂናሌም ዓመት ያልሞላው ጥጃ በአብዛኛው ቀላል ሕመም ታሞ ሲያልፍ፣ ከሁለት ዓመት በላይ የሆነው ከብት ለሞት ይዳረጋል። ስለዚህ መዥገሩ በቂ በሆነበት መስክ ሁሉም ጥጃ በጊዜው ይያዛል፤ የታመመ ከብት ግን እምብዛም አይታይም። ተመራማሪዎች ይህን ሁኔታ ኢንዴሚክ ስታቢሊቲ ይሉታል፤ በሽታው ሳይጠፋ ጉዳቱ የሚጠፋበት ሚዛን ማለት ነው።

ሚዛኑ ሲፈርስ የሚሆነውን ዚምባብዌ አሳይታለች። በዚያች አገር ከብት በመዥገር መድኃኒት ገንዳ ውስጥ እየነከሩ ማሳለፍ ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በሕግ የተደነገገ ሥራ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የነጻነት ጦርነቱ ሲበረታ የገጠር ገንዳዎች አገልግሎት ተቋረጠ። መዥገሩ በፍጥነት ሲመለስ ያገኘው ለዓመታት ከበሽታው ተጠብቆ የኖረ፣ መከላከያ ያላዳበረ ከብት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመዥገር ወለድ በሽታዎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ከብት አለቀ። ገንዳው የተቋረጠበትን ምክንያት ለጊዜው ብንተወው፣ በግዢ፣ በበጀትና በመንገድ ላይ የተንጠለጠለ ማንኛውም የርጭት መርሐ ግብር ይህንኑ አደጋ በውስጡ ይዟል። መድኃኒቱ ለስድስት ወር ከገበያ ቢጠፋ ወይም ዋጋው ቢንር ከብቱ ምን ይሆናል?

በየሳምንቱ መርጨት የሚለው ምክር መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በኬንያ ቡናማው የጆሮ መዥገር የሚያስተላልፈው የምሥራቅ ጠረፍ ትኩሳት፣ በቲሌሪያ ፓርቫ የሚመጣው፣ የድቅል ከብት ቀንደኛ ገዳይ ስለሆነ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ መድኃኒት መጠቀም የተለመደ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ይህ በሽታ ሥር የሰደደ ችግር ሆኖ አልተገኘም። እዚህ በብዛት የሚያጋጥሙት ሰማያዊው መዥገር ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ፣ ባለቀለሙ አምብሊዮማ ቫሪጌተም እና ዘመዶቻቸው ናቸው። ለአንድ መዥገር የተቀመረን ትእዛዝ ለሌላው መገልበጥ ገንዘብ ያባክናል፤ መድኃኒቱንም ያኮላሻል። ሰማያዊው መዥገር ከእጭነት እስከ ጎልማሳነት በአንዲት ላም ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ትውልዱ አጭር በመሆኑና መላ ጎልማሳነቱን ከከብት ላይ ሳይወርድ ስለሚደርስ ተደጋጋሚ ርጭት መድኃኒት የለመደውን ዘር በፍጥነት መርጦ ያስቀራል። በምዕራብ ኢትዮጵያ መዥገሮች ቶክሳፊንን መልመዳቸው በ1993 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ዛሬ ዳያዚኖንና አሚትራዝ በተመሳሳይ አያያዝ ላይ ናቸው፤ በዓይን ግምት ተበጥብጠው፣ ለሰብል በሚያገለግለው የጀርባ መርጫ፣ የላሟን ጀርባ ብቻ እያረጠቡ። መዥገሩ ያለው ግን ጀርባዋ ላይ ሳይሆን በጡቷ፣ በብሽሽቷ፣ በጆሮዋ ውስጥና ከጅራቷ ሥር ነው። የሚረጨው ሰው ያለ ጓንት መሥራቱና ወተቱ በዚያው ቀን መታለቡ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

በአንጻሩ «እንግዲያስ መዥገሩ ይተው» የሚል ድምዳሜ ስሕተት ይሆናል። አምብሊዮማ አፉ ረጅም ነው፤ ነክሶ የያዘበት ቦታ ይመግላል፤ ጡት ላይ ከሆነ አንዱ የጡት ጫፍ እስከመጨረሻው ሊደፈን ይችላል። ደርማቶፊሎሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ከዚሁ መዥገር ጋር ተያይዞ የሚከፋ ሲሆን ድቅል ከብትን ከአገሬው ይበልጥ ይጎዳል። አምብሊዮማ የሚያስተላልፈው ኸርትዎተርም የዘጠኝ ወር ዕድል አይሰጥም፤ የጥጃው የተፈጥሮ መቋቋም የሚቆየው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው ሁለቱን መዥገሮች ለይቶ ማየት ነው። አምብሊዮማ ትልቅና በዓይን የሚለይ በመሆኑ ጠዋት ከማለብ በፊት ከጡትና ከብሽሽት በእጅ ለቅሞ ማቃጠል ይቻላል። ደም ጠግባ የወረደች አንዲት ሴት እስከ 20,000 እንቁላል ልትጥል ስለምትችል ልቅሚያው የሴቶች ጨዋታ ተብሎ የሚናቅ ሥራ አይደለም። (በግቢ ውስጥ የሚንጎራደዱ ዶሮዎችም የዚህ ሥራ ያልተመሰገኑ አጋሮች ናቸው።) ርጭቱ ቁጥሩ ሲበዛ፣ በልኩ ተበጥብጦ፣ መላ አካሏን አዳርሶ ለጎልማሳ ላሞች ይቀመጥ፤ እዚያው የተወለዱ ጥጃዎች ግን በመጠኑ ከመዥገሩ ጋር ይተዋወቁ።

አዲስ ለገባችው ጊደር ወሳኙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ናቸው። ባቤዚያ መዥገር ከነከሳት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ አናፕላዝማ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ ይገለጣል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሙቀቷን በየሁለት ቀኑ መለካት የሚጠይቀው አንድ ቴርሞሜትርና የሁለት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ከጆሮዋ ጫፍ ደም ወስዶ በመስታወት ላይ በስሱ አስተኝቶ፣ በጊምሳ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት ለወረዳ ክሊኒክ የማይከብድ ሥራ ነው። ተለምዶው ግን ትኩሳት ላለው ከብት ሁሉ ኦክሲቴትራሳይክሊን መውጋት ሆኗል። ይህ መድኃኒት አናፕላዝማን ያክማል፤ ባቤዚያን አያክምም። ሽንቷ ደም የመሰለ ጊደር ኦክሲቴትራሳይክሊን ተወግታ ስትሞት የጎደለው መድኃኒት አይደለም፤ ለባቤዚያ የሚሆነው ዲሚናዚን ለገንዲ በሽታ ተብሎ በየመድኃኒት መደብሩ አለ። የጎደለው የአንድ መስታወት ምርመራ ነው። ከዚህ ሌላ አናፕላዝማ በመዥገር ብቻ አይተላለፍም፤ በክትባት ዘመቻ ወቅት በአንድ መርፌ ብዙ ከብት ሲወጋም ይዛመታል። በሽታን ለመከላከል የወጣው መርፌ በሽታ ይዞ ሲገባ ተጠያቂ የሚፈልግለት የለም።

አውስትራሊያ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር ላሉ ጥጃዎች የሚሰጥ ሕያው የመዥገር ትኩሳት ክትባት በመጠቀም ይህን ችግር በእጅጉ አቅልላለች። ክትባቱ ሕያው በመሆኑ ጥብቅ የማቀዝቀዣ አያያዝ ይፈልጋል፤ ለፎገራ አርሶ አደር በቅርቡ የሚደርስ መፍትሔ አድርጎ መቁጠር አይቻልም። ይልቅስ የሚቀርበው የጊደሯን ምንጭ መቀየር ነው። ድቅሏ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ከፎገራ ላም በሰው ሠራሽ ዘዴ ተዳቅላ ብትወለድ የእናቷን መከላከያ በእንገር ታገኛለች፤ መዥገሩንም በትክክለኛው ዕድሜ ታውቀዋለች። የማዳቀል አገልግሎቱ ደካማና አዝጋሚ መሆኑ እውነት ነው፤ ጊደር ገዝቶ በጭነት መኪና ማድረስ ለሪፖርት ፈጣን ውጤት ያስገኛል። ሆኖም የሞተችው ጊደር በሪፖርቱ ላይ «ተሰራጭታለች» ተብላ ስትቀር ብድሩ በአርሶ አደሩ ስም ይቀራል።

ከሩቅ ማምጣት የግድ ከሆነም ወሩ ይታሰብበት። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 በመሆኑ ግዢዎች ወደ ግንቦትና ሰኔ የመገፋት ዝንባሌ አላቸው፤ ይህም የአምብሊዮማ ጎልማሶች ዝናቡን ተከትለው በብዛት የሚወጡበት ጊዜ ነው። ጊደሯ በጥር ወይም በየካቲት ብትገባ መዥገሩን የምታገኘው በጥቂቱ፣ ባለሙያውም የሚደርስባት መንገዱ ሳይጨቀይ ነው።